ዘይቱ ለአንድ ኩራዝ

ትህትና ባሏን የገደለችው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን በትክክል የምታውቀው ጨዋታው ራሱ ስለመዘገበው ነው። ከላፕቶፑ ጥግ ላይ አንዲት የላባ ብዕር ብቅ አለች፣ ጫር ጫር አድርጋ ጠፋች። ተጽፏል ማለት ነው። ወደ ኋላ መመለስ የለም ማለት ነው።

ጨዋታውን በፍላሽ ያመጣላት ሀይደር ነው፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ የሚጋራት፣ በአንድ ትምህርት ክፍል አብሯት ኮምፒውተር የሚያስተምር የሥራ ባልደረባዋ። «ተኩስ የለበትም፣ ኳስ የለበትም» ብሏት ነበር ሲሰጣት፤ «ተቀምጠሽ የምታለቅሺበት ነገር ነው።» ትህትና ለማልቀስ ጨዋታ እንደማያስፈልጋት ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእህቶቿ ማኅበር የተባረረች አንዲት ወጣት ጠንቋይ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ጎጆዋ ውስጥ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ኩራዝ ተደርድሯል፤ ለአንድ ሰው አንድ ኩራዝ። ኩራዙ የጠፋበት ሰው በሦስተኛው ቀን ይሞታል። የጠንቋይዋ ሥራ ዘይት መጨመር ብቻ ነው። ዘይቱ ደግሞ እንደ አሶሳ ቤንዚን ነው፤ አለ ሲሉት የለም፣ መጣ ሲሉት አልቋል።

ጨዋታው ሲጀመር ለመንደርተኞቹ ስም እንድትሰጥ ይጠይቃል። ትህትና ረጅሙን፣ ዝምተኛውን፣ ሲስቅ በአንድ ጉንጩ ብቻ የሚስቀውን ጀልባ ቀዛፊ «ኤልያብ» አለችው፤ የባሏን ስም። ጥጥ የምትፈትለውን አሮጊት ደግሞ «ዘመናይ» አለቻት፤ የእናቷን። ይህን ያደረገችው በፍቅር ነው። ያኔ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ኩራዞች ሁሉ ሙሉ ነበሩ።

ኤልያብ የመንገድ ቀያሽ ነው። ማንኩሽ አጠገብ ካለ ካምፕ በየሁለት ሳምንቱ ለቅዳሜና እሑድ እየመጣ ይመለሳል። በዚያ እሑድ ምሳ ላይ፣ ውሉን ለአንድ ዓመት ማራዘሙን እንደ ቀልድ ጣል አደረጋት። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም ዝውውር ጠይቀው ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ፣ ደብረ ታቦር ላይ ኩላሊቷ እያስቸገራት ለተኛችው ለእናቷ ለመቅረብ ተስማምተው ነበር።

«አንድ ዓመት ምን አላት?» አላት።

«ለአንተ ምንም የላትም።»

«በደሞዝ ግን...»

«ለእማዬ አንድ ዓመት ብዙ ናት፣ ኤልያብ። ላታገኛት ትችላለች።»

ከዚህ በኋላ የተባባሉት እዚህ አይጻፍም፤ ባለትዳር ያውቀዋል። ሰኞ ሲነጋ ቁርስ ሳይበላ፣ ፊቷንም ሳያይ ፒካፑን አስነስቶ ሄደ። ትህትና አስተምራ ተመለሰች፣ ንዴቷን የምታሳርፍበት ብታጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ጨዋታው ውስጥ ክረምት ገብቷል። ማሰሮው ውስጥ የቀረው ዘይት ለአንድ ኩራዝ ብቻ ይበቃል። ሁለት ኩራዞች ይርገበገባሉ፤ የቀዛፊውና የአሮጊቷ።

ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። በኋላ ያስፈራት ይኸው ነው። ጨዋታው የፈለገችውን ያህል እንድትቆይ ፈቅዶላት ነበር፤ እሷ ግን ሁለት ሴኮንድ እንኳ አልፈጀችም። ዘይቱን አንጠፍጥፋ በእናቷ ኩራዝ ላይ አፈሰሰችው። የቀዛፊው ኩራዝ ጭስ ብቻ ሆነች። ቀዛፊው ምንም አላወቀም፤ ከወንዙ ዳር ሆኖ እጁን አነሳላትና «ወንዙ ዛሬ ደህና ነው፤ ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ቀዘፈ።

ኤልያብ ካምፑ ለመድረስ ዓባይን መሻገር አለበት። ይህ ትዝ ያላት ላባዋ ጫር ጫር አድርጋ ከጠፋች በኋላ ነው።

ስልኳን አነሳች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያ መንገድ ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ በቁጥር ነው። እንደገና ደወለች። አልተቻለም። ጨዋታውን መልሳ ከፍታ ጠንቋይዋን ወደ መደርደሪያው ወሰደቻትና የጠፋውን ኩራዝ ልታስለኩሳት ሞከረች። ጠንቋይዋ ዞራ አየቻት። ከዚያ በፊት ዞራ አይታት አታውቅም። «የጠፋ አይለኮስም» አለች፤ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው።» ትህትና የተመዘገበበትን ፋይል ፈልጋ ከውስጥ ልትቀይረው አሰበች፤ ይህንንማ ታስተምራለች። ፋይሉ ተቆልፏል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብላ በጣቷ ቆጠረች።

ማክሰኞ ጠዋት እህቷ ሰብለወንጌል ደወለች። ትህትና ስሟን ስክሪኑ ላይ ስታይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሰብሌ፣ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፤ ለደግ ነው የደወልኩት። ዛሬ ራሷ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። አጥሚት አምጪልኝ አለችኝ፣ ታምኛለሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ፊቷ መለስ ብሏል።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«እንዴ፣ ሰው ሲሻለው ሰዓት ይፈርማል እንዴ?»

«ገምቺ በቃ፣ ሰብሌ።»

«እኔ እንጃ... ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተኩል። ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

ደስ ብሎኛል አለችና ስልኩን ዘጋች። እናቷ በመዳኗ ስትደነግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዘይቱ ሠርቷል ማለት ነው። ዘይቱ ከሠራ ጭሱም ሠርቷል።

በትምህርት መርሐ ግብሩ መሠረት ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የምታስተምረው፣ ኮምፒውተር በዘፈቀደ ቁጥር እንዴት እንደሚያወጣ ነው። ትምህርቱ ያረጋጋኛል ብላ ነበር የገባችው። ዕጣ ማለት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ማንንም አይጠላም። ሰሌዳው ላይ ጽፋ ጨረሰች፣ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ፈገግ ብላ የምትወዳትን ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ኮምፒውተር ዕጣ ማውጣት አይችልም። ያወጣ ያስመስላል እንጂ። የመጀመሪያዋ ቁጥር፣ ዘር የምንላት፣ ከተሰጠችው በኋላ የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።»

ብላ ጨርሳ የተናገረችውን ሰማችው።

ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ዓዲላ እጇን አወጣች። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ አንዳንድ ቀን ጠላት ነው። «መምህርት፣ ዘሯን ማነው የሚሰጠው?»

«አንዳንዴ የኮምፒውተሩ ሰዓት...»

«አንዳንዴስ?»

«አንዳንዴ ተጠቃሚው ያስገባል። ቁጥር፣ ወይም ስም።»

«ስም ካስገባ፣ በዚያ ስም ሁሉም ነገር ያኔውኑ ተወሰነ ማለት ነው?»

ትህትና ትምህርቱን ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላ አቆመች። ተማሪዎቹ በደስታ ወጡ፤ ከዓዲላ በቀር።

ቢሮ ስትገባ ሀይደር የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። ነገረችው። ስትነግረው ነገሩ የጅል ወሬ መስሎ እንዲሰማት ፈልጋ ነበር፤ ሰው ፊት ሲወጣ የሚሟሽሽ ፍርሃት አለ። ይህኛው አልሟሸሸም።

ሀይደር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እኔ ቀዛፊውን ማን ብዬ እንደሰየምኩት ታውቂያለሽ? የትምህርት ክፍል ኃላፊያችንን። ጨዋታውን እንደ አዲስ እየጀመርኩ ሦስት ጊዜ ኩራዙን አጥፍቼበታለሁ። ሆን ብዬ። አንዴማ ዘይት እያለኝ መሬት ላይ አፈሰስኩት።»

«እና ምን ሆነ?»

«ደረጃ አደገ።»

ሳቀች። ሳቋ አንድ ጊዜ ወጣና እንደተሰበረ ብርጭቆ ቀረ። «አንተ ስለምትጠላው ነው፣ ሀይደር። የምትጠላውን ማን ይሰማሃል? እኔ የምወደውን ነው ያጠፋሁት።»

ሀይደር ለዚህ ቀልድ ፈለገ፤ አጣ። ሀይደር ቀልድ ሲያጣ አይታው ስለማታውቅ ይህም እንደ ምልክት ታያት። ያን ቀን ስምንት ጊዜ ደወለች፤ ስምንቱንም ጊዜ ያቺው ድምፅዋ የተቀዳ ሴት በጨዋነት መለሰችላት።

ረቡዕ፣ ሦስተኛው ቀን ሆነ። ማስተማር አልቻለችም፤ አሞኛል ብላ ከግቢው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥታ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ኤልያብ የሆነ ቦታ አለ፤ ወይም የለም። ሁለቱም ከዚህ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አንድ የማይነሳ ስልክ።

እዚህ ላይ ስለ አከራይዋ ስለ ብኸይታ መነገር አለበት። ብኸይታ የበርታ ሰው፣ በገበያው የታወቀች ነጋዴ ናት። በርታኛው አፍ የፈታችበት ነው፤ ዓረብኛ ታነባለች፤ ባምባሲ ገበያ በኦሮምኛ ትከራከራለች፤ አማርኛ አራተኛ ቋንቋዋ ነው። በዚህ በአራተኛው ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርጋለች። ትህትናን «አንተ»፣ ኤልያብን «እሷ» ትላለች። ትህትና በመጀመሪያው ወር ትስቅ ነበር፤ ከዚያ ለመደችው፤ ከዚያም ጭንቅላቷ ሳትጠይቀው ማረም ጀመረ። ብኸይታ «እሷ መጣች» ስትል ትህትና «እሱ መጣ» ብላ ትሰማለች። እሷ ራሷ በሁለት ዓመት ውስጥ ከበርታ ቋንቋ የለመደቻት አንዲት ሰላምታ በኋላ ሲጣራ ዓረብኛ ሆና ስለተገኘች፣ ስለ ሰው ቋንቋ ብዙ ባትናገር ይሻላት ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብኸይታ ከገበያ ጥላዋን ይዛ ገባች።

«መምህር፣ አለህ?»

«አለሁ፣ እትዬ ብኸይታ።»

«ጣሀ መጣች፣ ከማንኩሽ።» ጣሀ በዚያ መስመር ጭነት የሚያመላልስ የወንድሟ ልጅ ነው። «መልእክት ይዞ መጣች። ስለ ባልህ።»

ትህትና ተነሣች። ስልኩ ከጭኗ ወደቀ፤ አላነሳችውም። «አገኘው? ምን ሆነ?»

ብኸይታ ጥላዋን አጠፈች። ፀሐይ ውስጥ ሩቅ ስለተራመደች ትንፋሽ አጥሯታል፤ ዋናውን ነገር አስቀደመች።

«መንገድ ላይ ሞተች። ሰኞ። ድልድይ ሳይደርስ።»

ጭንቅላቷ ሁለት ዓመት የለመደውን ሥራ ሠራ። «ሞተች» ገባ፤ «ሞተ» ሆኖ ወጣ።

አልጮኸችም። የማንጎው ቅጠል አንድ በአንድ ይታያት ጀመር። ከአጥሩ ማዶ ባጃጅ አለፈ፤ ሰው ሳቀ፤ ዓለም እንዳለ ነው። «እንዴት?» አለች፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ዘይት አለቀ» አለች ብኸይታ። «ዘይት የለም፤ ሞተች። እንዲህ ነው ያለ ጣሀ።»

ትህትና ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዘይት። ስለ ዘይቱ ለብኸይታ አልነገረቻትም። ለጣሀም አልነገረችውም። በአሶሳ ከሀይደር በቀር ስለዚያ ዘይት የሚያውቅ ሰው የለም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያልጨመርኩለት። ለእማዬ ሰጠሁት።»

ብኸይታ ግራ ተጋብታ አየቻት። «አንተ? አንተ እዚህ ነበርክ። አንተ ምን ታደርጋለህ? ዘይት የሾፌር ሥራ ነው።» ከዚያ የትህትናን ፊት በደንብ አየች፤ ጥላዋን ጣለች፤ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ያዘች። «ያ ቢንቲ» አለቻት፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ለመኪና እንዲህ ይለቀሳል? መኪና ይሠራል። ጋራዥ አለ።»

«መኪና?»

«መኪና ሞተች። መኪና።»

«ኤልያብስ?»

«እሷ አልሞተም። እሷ ሻይ ይጠጣል። ጣሀ ራሱ አየ፤ ድልድይ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር፣ መኪና ይጠብቃል። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። ሰላም በይልኝ አለች።»

ትህትና የብኸይታን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ጣሀ አማርኛን የለመደው ከሾፌር ነው፤ ሾፌር ደግሞ መኪናውን እንደ ሴት ልጅ ይጠራል፤ ብኸይታ የሰማችውን ሳትነካ አምጥታዋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህቺ አንዲት «ች» ነበረች ቦታዋን ያገኘች፤ ትህትና ግን አረመቻት። ብኸይታ ይህን አላወቀችም። ለጎረቤቷ ለዓኢሻ በአጥር ላይ ስትነግራት ትህትና ሰማቻት፤ የተናገረችው በበርታኛ ቢሆንም «መኪና» እና «ዩኒቨርሲቲ» የሚሉት ቃላት እየተከታተሉ ይመጡ ነበር፤ ከዚያም ዓኢሻ ከንፈሯን መጠጠች።

ኤልያብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣሀ መኪና ተጭኖ መጣ። አቧራ ለብሷል፤ ከስቷል፤ በአንድ ጉንጩ ሳቀ። ትህትና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ ስትል እሑድ የተጣሉት እሱና እሷ መሆናቸውን ተጠራጠረ። እሷ ምንም ላትነግረው ወስናለች። ውሳኔው እራት እንኳ ሳይደርስ አለቀ።

«የምትገርም ነገር» አለ እጁን እየታጠበ። «የዘይት መብራቷ አልበራችም፤ ምንም ምልክት የለም። ድልድዩ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ቀጥ አለች። ስከፍታት ዘይት ጠብታ የላትም። ሌላ ሰው ያንጠፈጠፈው ይመስል።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች ትህትና።

«ምን?»

«ስንት ሰዓት ላይ ቆመች?»

«ዘጠኝ አልፎ ነበር። ምነው?»

ያኔ ነገረችው። ከስሙ ጀምራ፣ እስከ ላባዋ ድረስ። ኤልያብ ሳቀ። ረጅም ሳቀ፤ ሳቁ ከሚገባው በላይ ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ብቻውን እንደቀረ ሰው ዙሪያውን አይቶ አቆመ። «የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ትህቱ? አንቺ? መምህርት አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ከፈተችለት። መደርደሪያው ታየ። ከሁሉም ኩራዞች መካከል አንዷ ጥቁር ናት፤ ከሥሯ ስሙ ተጽፏል። ከጎኗ ያለችው ዘመናይ የምትባለው ቦግ ብላ ትበራለች። ኤልያብ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ አልጠፋም፤ ግን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጥሎት ሄዷል።

«እኔና እናትሽ» አለ።

«ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው።»

«ብዙ አሰብሽ?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። «አላሰብኩም» አለች።

«እኔም ብሆን እናቴን ነበር» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ከቂም ሌላ የሆነ ነገር ግን ነበር። «ቆይ፣ ፒካፗ በማን ስም ነው ከመሥሪያ ቤቱ ወጪ የሆነችው? በእኔ። ኤልያብ ተብሎ ነው የተፈረመው።» ይህን ለራሱ ነው የተናገረው። ቀያሽ ነው፤ የማይለካ ነገር አይወድም። «ስለዚህ ፒካፗን በእኔ ፋንታ... ወይስ ገና ነው? ሰኞ በዚያው መንገድ ነኮ የምመለሰው።»

«እባክህ እንዲህ አትበል።»

«እኔ ምንም አላልኩም። የማምንበት ነገር አይደለም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ግን ስሜ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ይውጣ።»

«አይወጣም። ሞክሬያለሁ።»

«እንግዲያው ሙሉውን እናጥፋው። ማጥፊያ የሌለው ነገር የለም።» ዝርዝሩን ከፈተ፤ ወረደ፤ አገኘው። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ኤልያብ እንግሊዝኛውን ቀስ ብሎ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበው። «ሁሉም ኩራዞች ይጠፋሉ። እርግጠኛ ነህ?»

ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ትህትና እጁን ያዘችው። የያዘችው በሁለት እጇ ነው፤ በሩን ከውጭ የሚገፋ ሰው ያለ ይመስል።

«እማዬ ውስጡ ናት» አለች።

ኤልያብ ማያ ገጹን አየ። ዘመናይ ቦግ ቦግ ትላለች። ከአጥር ማዶ ብኸይታ አንድ ሰው ትጣራለች። ላብ ከአንገቱ ወደ ሸሚዙ ወረደ። ከዚያ የመንገድ ቀያሹ፣ የማያምንበት ሰው፣ ጣቱ እንቁላል ላይ ያረፈ ይመስል ቀስ አድርጎ አነሳው፤ ሌላ ቁልፍ እንዳይነካም እጁን ወደ ኪሱ ከተተው።

«አንቺ ዝጊው» አላት በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ።»